በይሉኝታ የለቀቅኩት ወንበር

ሞባይል ሰው እንዲያየው ቀበቶ ላይ በሚሰካበት ዘመን፣ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት እሠራ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አብሮ አደጌ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ወንድ ልጅ ወለደና ክርስትና እንዳነሳለት ጠየቀኝ። አርባኛው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ክርስትና አባት መሆን፣ ከእሱ ጋር አበልጅ መባል፣ በሕይወቴ ካገኘሁት ሹመት ሁሉ የሚበልጥ መሰለኝ። ለቢሮው ሰው በሙሉ አውርቼ፣ ሱፍ አሰፍቼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከምኖርበት ከኪሌሌሽዋ ሰፈር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄድኩ።

የመሳፈሪያ ወረቀቴን ይዤ በሩ ጋ ተቀምጬ ሳለ፣ የአየር መንገዱ ሠራተኛ፣ አንዲት ኬንያዊት ወጣት፣ ድምፅ ማጉያውን አነሳች። ከወንበሩ በላይ ትኬት ስለተሸጠ፣ አንድ ሰው በፈቃዱ ቢቀርልን ሆቴል አሳድረን ነፃ ትኬት እንሰጠዋለን፣ የሚሄደውም ነገ ከሰዓት ነው አለች። ማንም ቀና አላለም። ፈቃደኛ ከታጣ የሚቀሩት መጨረሻ ላይ የደረሱት ሰው ነበሩ፤ ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ኢትዮጵያዊ አዛውንት። ጠረጴዛው ጋ ቆመው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

እንግዲህ ጠባዬን ልናዘዝ። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልኝ እየራበኝ "በልቻለሁ" የምል ሰው ነኝ። ሻይ ቤት "እኔ ልክፈል" የምለውም ሌላው እጄን እንደሚይዘኝ እርግጠኛ ስሆን ነው። ስለዚህ ተነስቼ፣ ልጅቷም እንድትሰማ በእንግሊዝኛ፣ እኔ ልቅርላቸው አልኩ። ሒሳቤ ቀላል ነበር። እሳቸው እምቢ ይላሉ፣ እኔ እለምናለሁ፣ በሦስተኛው ላይ እሸነፍና ጨዋ ተብዬ እሳፈራለሁ።

"የለም ልጄ፣ አይደረግም" አሉ አዛውንቱ በአማርኛ።

"ኧረ በሞቴ" አልኩ።

"እኔ ሰኞም ብሄድ የሚጠብቀኝ የለም። አንተ ሂድ።"

ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ናቸው ብዬ እያደነቅኩ "አይሆንም አባቴ" ከማለቴ፣ ልጅቷ "አሳንቴ ሳና" ብላ አመሰገነችኝና ወረቀቴን ከእጄ ወስዳ ቀደደችው። ሦስተኛውን ዙር የሚጠብቅ አየር መንገድ የለም።

ቀልዴን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። አዛውንቱ ግን እያዩኝ ነበር። ወደ በሩ ስንሄድ፣ ሆቴሉም ነፃ ትኬቱም እሳቸውን ደስ ይላቸው እንደነበር፣ የምሬን ነበር እኮ እምቢ ያልኩህ ብለው ነገሩኝ። ያኔ የክርስትናውን ነገር ብነግራቸው ወንበሩን ወዲያው ይመልሱልኝ ነበር። ያን ያህል ከለመንኩ በኋላ መልሶ መጠየቅ አሳፈረኝ። "መልካም መንገድ" ብዬ የእጅ ቦርሳቸውን ተሸክሜ ሸኘኋቸው፤ ሞኝነቴ ልክ አልነበረውም።

ሆቴል ስገባ ለጓደኛዬ ደወልኩ። "ምንም አይደል፣ አታስብ" ይለኛል ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን አንጀቴ እያረረም እንደዚያ እላለሁ። እሱ ግን ልጁን ጠዋት ጎረቤታቸው እንደሚያነሳላቸው ነገረኝ።

"የማታውቀውን ሰው ያፈርከውን ያህል እኔን አላፈርከኝም" አለኝ።

እውነቱን ነበር። ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤ ያን ለማለትም አፈርኩ።