በሐኪሙ ያላከክሁት

አሶሳ ውስጥ ግጥም አንብቤ ከአዳራሽ ስወጣ ያዙኝ። ያስገቡኝ ክፍል የድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ የሚግል፣ ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ ያለበት።

በሳምንቱ ከሁሉም ተጣላሁ። ደግ የሆነልኝን ሰው ሳይተወኝ ቀድሜ አስቀይመዋለሁ፤ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ያልሸሸኝ አንድ ብቻ ነው፤ እንደኛው የታሰረ የመንጌ ሰው፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ። እስረኛው ሁሉ «ሐኪም» ይለዋል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አጠገቤ ይቀመጣል።

«ደሞዝህ ታግዷል። ለማን ነው የምትሠራው?» አልኩት።

«ለራሴ። ሥራ ከሌለ፣ ወላሂ፣ ሐሳብ ይበላኛል።»

ያለብኝ የስብዕና መታወክ እንደሚባል፣ የሚታከመውም በንግግር እንደሆነ ነገረኝ።

«የታመመው አገሩ ነው» አልኩት።

«አገሩን ለነገ እናቆየው። አንተ ልታበላሽ ስትል፣ ከማበላሸት በፊት ንገረኝ። ሌላ ሥራ የለህም።»

አንድ ቀን ሚስቱ ለሁላችን ገንፎና ባሚያ ላከች። እሱ ግን በእኔ ሰዓት ከሌላ እስረኛ ጋር ሲያወራ ቆየ። ምንም አልነገርኩትም። የገንፎውን ሳህን በእግሬ ገፋሁት፤ ተደፋ። ከእሱ በቀር ያየኝ አልነበረም።

በክፍሉ ደንብ ምግብ የደፋ ሦስት ቀን ባልዲው ሥር ይተኛል። የክፍላችን አለቃ፣ ካቦው፣ «ማነው?» አለ።

«ሐኪሙ ነው፤ ሲዞር መታው» አልኩ።

«እውነት ነው ሐኪም?»

«እሱን ጠይቀው» አለ ሐኪሙ ወደ እኔ አይቶ።

«ሚስትህ ትስማ ብቻ! ሁለተኛ ገንፎ አናይም» ብሎ አንዱ ክፍሉን አሳቀ። ሐኪሙ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ጥጉ ሄደ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ መጥቶ ተቀመጠ። ልብሱ ይሸት ነበር።

«ለምን አላጋለጥከኝም?»

«እኔ ከተናገርኩ እኔን ትጠላለህ፣ ያልቃል። አልዋሽልህም፤ አልናገርልህምም። ያንተ ነው።»

«ባልናገርስ?»

«ነገም እመጣለሁ።»

በአማርኛው አላገጥኩበት። በነገታውም መጣ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ምንጣፉን ወደ ቦታው ሲመልስ ተነሣሁ። «የደፋሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም እኔ ነኝ።» ካቦው ሳያዘኝ ምንጣፌን ይዤ ባልዲው ሥር ዘረጋሁ። ያኔም ያየኝ እንደሆነ ሰርቄ አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶ ለሶላት እግሩን ይታጠብ ነበር።

አሁን ተፈትቼ ከተማው ውስጥ ሕክምና እከታተላለሁ፤ ሁለቴ አቋርጬ ተመልሻለሁ። ባለሙያዋ ምን እንደሚያሳፍረኝ ስትጠይቀኝ ሁልጊዜ ሳህኑን መድፋቴን አወራላት ነበር። ባለፈው ሳምንት እውነቱን ነገርኳት፦ ሐኪሙ ቅጣቴን ተቀብሎ እስኪጨርስ ቀን ቆጥሬ ነው የተናገርኩት።

ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እኔም እንደ ልማዴ ተነሥቼ በመውጣት ፈንታ እዚያው ተቀመጥኩ።