ወደ ሰሚት የጠፋው መንገድ

ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ሄልሲንኪ፣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ «መንገዱ ተመዝግቧል፤ መረጃው ግን አይደርስም» አለኝ። «ኔክስት ሆፑን እየው» አልኩት፤ መረጃው ሲጓዝ መጀመሪያ የሚረከበውን ማሽን አድራሻ ማለቴ ነው። ወዲያው አገኘውና አመሰገነኝ። ምስጋናው ወጋኝ። ይህችኑ ቃል አንድ ጊዜ ለሰው ነፍጌያለሁና።

ያኔ አዲስ አበባ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ ሕንፃ ውስጥ፣ እኔና ሜሮን የኔትወርክ ሥራ የሙከራ ጊዜያችንን እየጨረስን ነበር። የሚቀጠረው ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ነው። እኔ ሦስቴ ሳላይ ምንም አልነካም። እሷ የምስር ሳምቡሳዋን እየገመጠች፣ እየሳቀች ነካ ነካ ታደርግና ችግሩን ትፈታዋለች። አለቃችን ጋሽ ታደሰ «የዚች ልጅ እጅ የተባረከ ነው» ባሉ ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል። ማታ እጸልይበታለሁ፤ ጠዋት ሳያት ይመለስብኛል።

በፍልሰታ ጾም፣ ሰማዩ እንደተቀደደ በሚዘንብበት አንድ ቀን፣ የሰሚት ቅርንጫፋችን ግንኙነት ተቋረጠ።

«ሜሮን፣ እስቲ ዛሬ እንይሽ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ አንድ ትእዛዝ ጽፌ አየሁ። የሰሚቱ ራውተር በአዲስ ከተተካ ሳምንቱ ነው፤ አሮጌው ጎን ለጎን ይሠራ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ያን ጠዋት አሮጌውን ነቅለውታል። የኛ ማሽን ግን መረጃውን አሁንም ለአሮጌው አድራሻ ነበር የሚያስረክበው። አንዲት መስመር ማስተካከል ነው።

ሜሮን ወንበሯን ወደ እኔ ገፋች። «አንቺ መነኩሲት፣ በጸሎትሽ የተገለጠልሽ ነገር ካለ ንገሪኝ እንጂ!»

«ምንም አልታየኝም» አልኳት። ያውም በጾም።

«እንግዲያው እዚያ ያለው ገመድ ይሆናል» ብላ ያለ ጃንጥላ ወደ ታክሲ ሮጠች።

ታክሲዋ ገና ገርጂ ሳይደርስ ያቺን መስመር አስተካከልኳት። «ጎበዝ! ረጋ ያለ ሰው አይሳሳትም» አሉኝ ጋሽ ታደሰ። ሜሮን ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ ስትመለስ «እግዜር ይስጥሽ፣ አዳንሽኝ!» ብላ ሳመችኝ። ቦታው የእኔ ሆነ።

የንስሐ አባቴ «ለራሷ ንገሪያት» ካሉኝ ስንት ዓመት ሆነ። ስልኳ ሁልጊዜም ነበረኝ፤ ያጣሁት ድፍረት ነው። ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«እኔኮ የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ» አለች። «ማሽኑ ማን ምን እንደጻፈ፣ በስንት ሰዓት እንደጻፈ ይመዘግብ የለ? እኔ ስጠይቅሽ አይተሽው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለጋሽ ታደሰ አልነገርሽም?»

«ስስምሽ እንባሽ ጉንጬን አራሰው። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልክሰስሽ?»

ከተናገርኩ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግን ያው የድሮው ቃጠሎ ተነሣብኝ። እኔ ብሆን ይህን ሁሉ ዓመት ዝም እል ነበር? አልልም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚህም ቀናሁባት።