ፀሐይ አልጎደለንም

ልጄ ሐናን ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ አረማመዷ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ። አወቅሁት። የእኔው አረማመድ ነበር።

እኔ ዱባይ ተራ ገበያ ውስጥ ከምሠራበት ሱቅ ባንኮኒ ብዙም ከፍ አልልም። በልጅነቴ እግሮቼ ሲጎብጡ «ሪኬትስ ነው፤ ፀሐይ ሲያጥር አጥንት የሚለሰልስበት ሕመም» ተባለ። እናቴ መስኮት በሌለው ሱቅ ውስጥ አዝላኝ ክር ትሸጥ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ «ፀሐይ ነፍገሽው ነው» አላት። እርሷም አመነች። ሐናን ስትወለድ በየማለዳው ወደ ሕንፃው ጣሪያ እያወጣች ፀሐይ ታሞቃት ነበር፤ አንድም ቀን አላስታጎለችም።

ልጅቱ ግን ተወዛወዘች። ከፋርማሲ ቫይታሚን ዲ ገዝተን ሰጠናት። ደገምን። እግሯ ጎበጠ። እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ ከእናቴ ጋር ሆነን ወደ አጥንት ሐኪም ወሰድናት። በደሟ ውስጥ ምንም ጉድለት አልተገኘም። ሐኪሙ እኔንም ራጅ አስነሥቶ የእኔንና የልጄን ጎን ለጎን ሰቀለ። ዳሌያችን፣ የጀርባ አጥንታችን፣ አንድ ዓይነት ነበር።

«ሱዶአኮንድሮፕላዥያ ይባላል፤ ቁመትን የሚያሳጥር የአጥንት እድገት ችግር ነው» አለ። «ሲወለዱ አይታወቅም፤ መራመድ ሲጀምሩ ይገለጣል። የሚመጣው በጂን ነው።»

የእናቴ ፊት ተለወጠ። «በእኛ ቤት ቁርኣን ሳይቀራ አይታደርም ዶክተር፤ ጂን በየት ገባ?»

ሐኪሙ አልሳቀም። «ያኛውን አይደለም እናቴ፤ ዘረመል ማለቴ ነው። በልጅዎ ላይ ያለማንም ጥፋት ተለወጠ፤ ከእርሱ ወደ ልጁ አለፈ።»

«እንግዲያው ፀሐይ አልነፈግሁትም?» አለች እናቴ።

«አልነፈጉትም።»

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

ለሐናን ቁመት የሚጨምርላት መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ክትትል ነው። መገጣጠሚያዎቿ እንዳይጨነቁ ክብደቷን እንጠብቃለን፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችንን እንቅስቃሴ አብረን እንሠራለን፣ የአንገቷ አጥንት እንዳይላላም በየጊዜው በራጅ ይታያል፤ እግሯም ምናልባት ወደፊት በቀዶ ሕክምና ይቃና ይሆናል። እኔ ግን አሁንም ስትስቅ እንኳ የማየው እግሮቿን ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ላላችሁ ወላጆች የምለው ይህ ነው፦ ደም ሳይመረመር ቫይታሚን አትደጋግሙ፤ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። የዳሌና የጀርባ ራጅ ይነሣ ዘንድ ጠይቁ። ልጁን የሚመስል ዘመድ ካለ አብሮ ይታይ። ሐኪማችንን አመሰግናለሁ፤ የሁለት ሰው ራጅ አይቶ ሦስት ሰው አከመ።

በቀደም ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ «ፀሐይ አሙቋት እንጂ» አሉ።

«ትሞቃለች» አለች እናቴ። «ሕመሟ ግን በጂን የመጣ ነው።»

እትዬ ከድጃ «አዑዙ ቢላህ» ብለው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ያኛው አይደለም እህቴ» ብላ እናቴ ከአጠገቧ አስቀመጠቻቸውና አስረዳቻቸው፤ ልክ እንደ ሐኪሙ፣ ሳትስቅ።