የመቃብር ቁጥር አሥራ ሰባት ጌጦች

ባለፈው ወር ሠርግ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሙሽራዋን ዓይተው፣ «ይቺማ ወሎዬ ናት፤ ከጌጧ ያስታውቃል» አሉ። የሙሽራዋ ወንድም ሰማቸው። «ኧረ ኮልፌ ነው ያደገችው! ጌጡንም ኦንላይን ነው ኦርደር ያደረገችው።» ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ሐሳቤ ግን ወደ እ.ኤ.አ. 2021 ጸደይ፣ አሜሪካ ወዳለው ክሊንተንቪል ሰፈር ሄደ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እዚያው ከተማ ዋይንላንድ ፓርክ በሚባል ሰፈር እየኖርኩ ዌርሃውስ ውስጥ የጠዋት ሺፍት እሠራ ነበር። ከሰው ብዙ አላወራም። ከሥራ መልስ ስለ ድሮ መቃብሮችና ስለተገኘባቸው ዕቃ አነባለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው ግን አልነበረም። ይህን አመሌን የሚያውቁት በሽተኛ ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስታምሙት እትዬ ዘሃራ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ኮል አደረጉልኝ።

«ሙሌ፣ የማስታምማቸው ሽማግሌ የአንተ ቢጤ ናቸው፤ የሞተ ሰው ዕቃ ነው የሚወዱት። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ የሚጽፍላቸው ይፈልጋሉ።»

ሽማግሌው ላስሎ የሚባሉ የሀንጋሪ ተወላጅ ነበሩ፤ እትዬ ዘሃራ «ጋሼ ላስሎ» ይሏቸዋል። በወጣትነታቸው በትውልድ መንደራቸው ኮረብታ ላይ ቁፋሮ ሠርተዋል። ከሺህ ዓመት በፊት የተቀበሩ ሰዎች ስልሳ አራት መቃብር ወጥቶ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ጽፈው ነበር፤ አሜሪካ ከመጡ በኋላም ሁሉንም በእንግሊዝኛ ገልብጠውታል። ካርዶቹ ኮምፒዩተር ላይ ተጽፈው በስማቸው ለመንደሩ ትንሽ ሙዚየም እንዲላኩ ይፈልጋሉ። ሐኪማቸው ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ነግሯቸዋል።

ከሰዓት በኋላ በሃይ ስትሪት አውቶቡስ እሄዳለሁ። የዛፎቹ ቅጠል ገና መውጣቱ ነው። ማስክ አድርገን፣ መስኮት ከፍተን፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። እትዬ ዘሃራ ሽሮ ይሠራሉ፤ ጋሼ ላስሎ ካገራቸው የሚመጣ ቀይ በርበሬ ይነሰንሱበታል። «አሁን በላ!» ይሉኛል፣ «አሁን ሽሮ ሆነ።» እትዬ ዘሃራ በአማርኛ፣ «አበላሹት እኮ» ይላሉ፤ ሦስታችንም እንበላለን።

ካርዶቹን ስገለብጥ ጥልቀቱን፣ ራስጌው ወደየት እንደነበረ፣ ዕቃው የት እንደተገኘ፣ አንዲት ነገር ሳላዛንፍ አስገባ ነበር። አንድ አምድ ግን ከራሴ ጨመርኩ፤ «ብሔር» የሚል። ማንም አላዘዘኝም። አገር ቤት ከሞላሁት ፎርም ሁሉ ያ መስመር ስለማይጠፋ፣ ያለሱ ሰንጠረዡ ጎደሎ መሰለኝ። በመጽሐፍ እንዳነበብኩት፣ ጫፉ እንደ ኤስ ፊደል የተጠማዘዘ የፀጉር ቀለበት ካለ «ስላቭ» እላለሁ። የፈረስ ዕቃ፣ ወይም በልብስ አንገትጌ ላይ የሚሰፋ በወርቅ የተለበጠ ስስ የብር ጌጥ ካለ «ሀንጋሪ»። ሀንጋሪዎች በፈረስ ከምሥራቅ መጥተው ሲሰፍሩ ስላቮች እዚያው ይኖሩ ስለነበር፣ ሁለቱን መለየት ሥራዬ መስሎኝ ነበር።

ቁጥር አሥራ ሰባት የሴት መቃብር ነበር። ከግራ ጆሮ ግንዷ አጠገብ ሁለት ባለ ኤስ ቀለበት፣ አንገቷ ዙሪያ ዘጠኝ በወርቅ የተለበጠ ብር። ሁለቱም ዓይነት። አምዱ የሚቀበለው ግን አንድ ቃል ነው። «ስላቭ» ጻፍኩና፣ እንዳይጋጭብኝ፣ ዘጠኙን ብሮች ከዕቃው ዝርዝር ተውኳቸው።

ዝርዝሩ ፕሪንት ተደርጎ ፖስታው ታሽጓል። ማክሰኞ ለመላክ ስነሳ ጋሼ ላስሎ እጄን ያዙኝ። «እኔ ማየት አልችልም። አንተ ግን ሚሊሜትር አታሳልፍም፤ ስለዚህ አልሰጋም» አሉ።

በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ስለ አምዱም ስለ ዘጠኙ ብሮችም ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይህን አምድ ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ፎርም ላይ ሁልጊዜ አለ።»

«በመንደሬ ሀንጋሪኛ የሚናገረውና የስላቭ ወገን የሆነውን ስሎቫክኛ የሚናገረው በዚያ ኮረብታ እስከ መደባደብ ደርሷል። እያንዳንዱ የራሱን ጌጥ ቆጥሮ መሬቱ የእኔ ነው ይላል። ሕይወቴን ሙሉ ያልጻፍኩትን አንተ በስሜ ልትልክልኝ ነው?»

እትዬ ዘሃራ ሳህን እያጠቡ ነበር፤ ዘወር ሳይሉ በአማርኛ፣ «የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ የአባቴን ብሔር ጻፉ። እናቴን ማን ጠየቃት?» አሉ። ጋሼ ላስሎ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው።

«ቀለበት ገበያ ላይ ይገዛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አማት ለምራት ትሰጣለች። ጎረቤት አይታ እንደሱ ታሠራለች። ሰው በቀለበቱ አይታወቅም። አምዱን አጥፋው፤ ካርዶቹን ከአንድ ጀምረህ አንብብልኝ።»

አምዱን አጥፍቼ፣ ዘጠኙን ብሮች ወደ ዝርዝሩ መልሼ፣ እንደገና ጀመርን። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አልፎ አልፎ ከካርዱ በላይ ያስታውሳሉ፤ የአፈሩን ቀለም፣ ዝናቡን። ሰኔ ውስጥ፣ አሥራ አንድ ካርድ ሲቀረን፣ አረፉ። የቀሩትን ብቻዬን ጨርሼ በስማቸው ላክሁ። ብሳሳት የሚያርመኝ ሰው ስላልነበረ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ዛሬም ስለ ጌጥና ስለ ሰፈራ አነባለሁ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያ ባለ ኤስ ቀለበት የአንድ ሕዝብ ብቻ ነው ማለት ከተዉ ቆይተዋል፤ እኔ በእጄ የነበረው መጽሐፍ ያረጀ ነበር። ይህን ማወቄ ግን ብዙም አያጽናናኝም፤ ዘጠኙን ብሮች የደበቀው መጽሐፉ አይደለምና። የቁጥር አሥራ ሰባቷ ሴት በየትኛው ቋንቋ ልጆቿን እንደምትጠራ ዛሬም አላውቅም። የቀበሯት ሰዎች ግን ብሩን ከአንገቷ፣ ቀለበቱን ከፀጉሯ ሳያወልቁ እንደሸኟት አውቃለሁ።