የታፔላ ጻፊው ልጅ

ኮሌጅ በገባች በሁለተኛው ሳምንት «ማስመሪያ» የሚል ስም ወጣላት። የሥዕል መምህሩ ተማሪውን ሁሉ በባዶ እጅ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ ብሎ አዘዘ። የሌሎቹ መስመር እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ የእሷ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ዝንፍ ሳይል ሄደ። መምህሩ ማስመሪያ ደብቃ እንደሆነ ብሎ እጇን አስዘረጋት። ክፍሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት። አልጠላችውም። ከትንሽ ከተማ መጥቶ ማንም በማያውቀው ቦታ ለሚማር ሰው፣ ስም የሚያወጣለት መገኘቱም አንድ ነገር ነው።

እጁ የአባቷ ነው። አባቷ ታፔላ ጻፊ ነው፤ ሥዕል ሲሥል ያየው ባይኖርም የከተማው ሰው «ሠዓሊው» ይለዋል። በዋናው መንገድ ላይ ከፋርማሲው እስከ ልብስ ሰፊው፣ ከጎማ ጠጋኙ እስከ ፎቶ ቤቱ፣ ላሜራ ላይ የተጻፈው ሁሉ የእሱ ነው። አንድ አመል ግን አለው፤ እምቢ ማለት አይችልም። መሰላል ላይ ወጥቶ «ልብስ ስፌት» ብሎ አሳምሮ ሲጨርስ፣ ባለቤቱ ከታች አንጋጦ «የወንድም የሴትም በልበት እንጂ» ይለዋል። ይጨምራል። «ጥገናም እንሠራለን በል።» ይጨምራል። «ውይ፣ ስልኬን ረሳኸው እኮ!» ስልኩ ታዲያ የት ይግባ? አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተጣበቡ ዘመዳሞች ጠርዙ ላይ ተጠጋግቶ ይገባል። ሠዓሊው ይወርድና ማስለቀቂያ አኳራጅ በነካው ጨርቅ ቀለሙን ከጣቱ እየጠረገ «ሰው ደስ ካለው ምን ቸገረኝ» ይላል።

ኮሌጁ ግን ይህን እጅ አልፈለገውም። የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት ሁሉ በኮምፒዩተር ነው። ያላቸው ልጆች ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ይዞራሉ፤ እሷ የኮምፒዩተር ክፍሉ እስኪከፈት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ገብታም ማውዙ አልታዘዝ ይላታል። በብሩሽ አንድ ትንፋሽ የሚፈጀውን ጥምዝ ግማሽ ቀን ትታገለዋለች። የዲዛይን መምህሯ ቃል ቆጣቢ ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆማ ሥራዋን አየችና «እጅሽ ጥሩ ነው፤ ዓይንሽ ግን ገና ከሰፈር አልወጣም» አለቻት። ይህች ቃል ቆረቆረቻት። ለብዙ ቀን ከልጆቹ ጋር መቀመጥ ተወች። ከዚያ ዓይኗን ከሰፈር ለማውጣት ቆርጣ ተነሳች፤ አወጣችውም። በሦስተኛው ዓመት በሁለት ፊደላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ከፊደላቱ አስቀድማ ታይ ነበር። ክፋቱ፣ እንዲህ የተገለጠ ዓይን ለእረፍት ቤት ሲኬድ አይጨፈንም።

የመመረቂያ ሥራው «የምታውቁትን አንድ መንገድ ምረጡና ታፔላዎቹን ሥርዓት አስይዙ» የሚል ሆነ። እሷ ከአንድ መንገድ ሌላ አታውቅም። ካሜራ ተዋሰችና ወደ ከተማዋ ተመለሰች።

አባቷ ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳው። ልጄ ሥራዬን ለመምህራኖቿ ልታሳይልኝ ነው ብሎ ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ፤ መሰላሉን ተሸክሞ ከፊት ከፊቷ ሄደ። በየታፔላው እየወጣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ።

«አሁን አንሺው፣ ፀሐይዋ ሳትዞር።»

«አባዬ፣ አቧራ ቢኖረው ምን አለበት?»

«ተይ እንጂ! እንግዳ ፊት ሊቀርብ ነው እኮ።» የመጨረሻውን ካነሳች በኋላ ትንሽ አፈር ብሎ፣ «ማን ጻፈው ሲሉሽ ስሜን እንዳትረሺው» አላት።

እሺ አለች። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ግን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በደስታ የቆመን አባት፣ ጥፋትህን ላሳይ ነው የመጣሁት ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር አንጀት ከየት ይመጣል? ሲያልቅ አያምር ይባላል፤ የእሷ ግን ገና ሲጀመርም አላማረም።

ሥራዋን የምታቀርብበትን ሰሌዳ በሁለት ከፈለችው። በግራ «በፊት»፣ በቀኝ «በኋላ»። በቀኝ በኩል ያለው መንገድ፣ ሐቁን እንናገር ካልን፣ ያምራል። ፊደሉ አንድ ቁመት፣ ቀለሙ ሁለት ዓይነት ብቻ፤ ስልክ ቁጥር እንኳ ትንፋሽ አግኝቷል። በግምገማው ቀን መምህሯ በግራ በኩል ያለውን የፎቶ ቤት ታፔላ በጣቷ እየነካች «ይሄን ምስኪን ስልክ እዚህ ጥግ ያጎረው ማን ነው?» አለች። ተማሪዎቹ በሳቅ ወደቁ። የሚበቃው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። አባቴ ነው፤ ሰው ሲጠይቀው እምቢ ማለት ስለማይችል ነው። ማስመሪያ ግን አብራ ሳቀች።

«አላውቀውም» አለች። «አንድ የሰፈር ታፔላ ጻፊ ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ከሥሩ ግለጪው። የሰው ሥራ ዝም ብሎ አይለጠፍም።»

ኮምፒዩተር ክፍሉ ተመልሳ፣ ከአባቷ ሥራዎች ሥር በትንንሽ ፊደል «ጻፊው ያልታወቀ» ብላ በገዛ ጣቷ ጻፈች። ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። በዚያ ቀን ፊቷን እየታጠበች እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች፤ ሰው ሲገባ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አለች።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኀፍረቷን ውጣ ትኖር ነበር። ግን ሥራዎቹ ለሕዝብ በታዩበት ሳምንት የከተማቸው ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ለስብሰባ መጥቶ ኖሮ፣ ኤግዚቢሽኑን ሲጎበኝ የገዛ መንገዱን ግድግዳ ላይ አገኘው። «የኛ ልጅ ነሽ ለካ! የዚህን ቅጂ ስጪኝ፤ ለከተማችን ይሆናል» አለ። ልትከለክለው አፏን ከፈተች፤ «እሺ» የሚል ቃል ወጣ። እምቢ ማለት አለመቻል በዘር ይወርዳል መሰለኝ።

ሁለት ወር ቆይቶ እናቷ ደወለች። «ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፤ ስምሽ በትልቁ አለ። የዋናው መንገድ ታፔላ በሙሉ ወርዶ ያንቺ ይሰቀል ተብሏል።»

«እማዬ፣ አባዬ አየው?»

«ቆሞ ሦስቴ አነበበው።»

«ምን አለ?»

«ቤት ገብቶ ብሩሾቹን አጠበ።»

በማግስቱ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ የሚቆጣበትን ቃል እያሰበች ራሷን አዘጋጀች፤ ቁጣው ቢመጣ ግልግል ነበር። ከመኪና ወርዳ ወደ ዋናው መንገድ ስትታጠፍ አባቷ መሰላል ላይ ነው። በመዶሻው ሹካ የልብስ ሰፊውን ታፔላ ምስማር እየነቀለ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚያወርድ ሰው ሲፈልግ ምስማሩ የት የት እንደተመታ የሚያውቀው ያው መቺው ነው ተባለ፤ ተጠየቀ፣ እሱም እሺ አለ። የፋርማሲውና የፎቶ ቤቱ ወርደው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«መጣሽ? ነይ ተቀበይኝ፣ ጠርዙ ይቆርጣል፤ በጨርቅ ያዢው።»

«አባዬ፣ ይወርዳል ብዬ አይደለም እኮ የሠራሁት…»

«ምን ችግር አለው? የሠራሽውን አይቼዋለሁ። ያምራል። ከሩቅም ይነበባል።» አንዱን ምስማር ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «መምህራኖችሽ ማን ጻፈው ብለው ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ታዲያስ?»

ቀና ብላ አየችው። «ነገርኳቸው። የአባቴ ሥራ ነው አልኳቸው።»

መዶሻው ቆመ። አባቷ ከላይ ሆኖ ተመለከታት። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከትልልቆቹ ፊደላት ሥር ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ይህ ሰው ሳያነባት እንዳላለፈ፣ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት።

«እንዲያማ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ነው የተሳሳተው» አለ። «ያልታወቀ ብለው ጽፈውታል።»

«አዎ… እነሱ ናቸው።»

«ያጋጥማል፣ ልጄ። ሥራ ሲበዛ ሰው ይሳሳታል። ሄደሽ እንዳትጣያቸው።»

የመጨረሻውን ምስማር ነቀለና ላሜራውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ አወረደላት። ተቀበለችው።