በአመድ የተሸፈነው ዘይት

መኪናዋን የገዛኋት ለአባቴ ነው። ልቡ ደክሞ ነበር። ሕመሙ ሲነሣበት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ከምንኖርባት ከአማኑኤል ከተማ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ማድረስ አለብን፤ ሚኒባሱ ደግሞ ሰው ካልሞላ ንቅንቅ አይልም። ሐኪሙ «ቶሎ ካደረሳችሁት ይተርፋል፤ ካዘገያችሁት አላውቅም» ብሎናል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ መኪና የማውቀው መሪና ፍሬን ብቻ ነው። ያገኘኋትም ያረጀች አውቶማቲክ ነበረች። ደላላው «ማርሽ እንኳ አታስቸግርህም፣ መርገጥ ብቻ ነው» አለኝ። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ!

እናቴ ደም ሳይፈስላት አትነዳም አለች። አባቴ «ተይ አንቺ፣ ይኼ ባዕድ አምልኮ ነው» ቢላት ማን ሰምቶት! በግ ተገዝቶ ግቢያችን ውስጥ፣ ከፊት ጎማዎቹ ሥር ታረደ።

በማግሥቱ ጠዋት እኔ መኪናዋን ይዤ ስወጣ፣ እናቴ መኪናዋ ካደረችበት ቦታ ቀይ ነገር አይታ አመድ ነሰነሰችበት። ደም አይረገጥም ትላለች። በሌላውም ቀን፣ በሳምንቱም እንዲሁ። አንድ ጠዋት አመዱን ስታፈስ አገኘኋትና «አሁንም አልጠፋም?» ብላት፣ «ክረምት አይደል፤ ዝናቡ የበጉን ደም እያወጣው ነው» አለችኝ። ደወል ረፍዶብኝ ነበርና እሺ ብዬ ሄድሁ። ውሻችን እንኳ በጉ የታረደ ዕለት መሬቱን ሲልስ ውሎ፣ ኋላ ግን አሽትቶ ዞር ይል ነበር። ለውሻ የገባ ነገር ለእኛ አልገባንም።

ከዚያ መኪናዋ ዳገት ላይ መስነፍ አመጣች። ማርሽ ሳስገባላት ትንሽ ቆይታ፣ ደንገጥ ብላ ነው የምትነሣው። ብርዱ ነው አልሁ። እኛ አገር ያልገባንን ሁሉ ብርዱ ነው እንላለን።

ሕመሙ የተነሣበት ጠዋት አባቴን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው፤ እናቴ ራሱን ታፋዋ ላይ ያዘችው። ከአማኑኤል ወጥተን ብዙም ሳንርቅ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልሄድም አለች። ብረግጥ ጩኸት ብቻ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ወርጄ ጎማዋን በእርግጫ መታሁት፣ ሰደብኋት፣ ኋላም እንደ ሰው ለመንኋት። አባቴ «ተው ልጄ፣ ዕቃ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ቆይቶ የመጣ ሚኒባስ ጫነን፤ ከተማው ሳንገባ አባቴ አረፈ።

በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጎረቤታችን ሊያጽናናኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

«መኪናህን አየኋት። የካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ዘይቷ አልቆ ነው የቆመች። ጠብታ አላየህም?»

«ጥቁር ዘይት የሚባል አላየሁም።»

«የሞተሩ እኮ ነው ጥቁር። የካምቢዮው ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ነው ቡናማ የሚሆን። ከፊት ጎማዎቹ መሐል ነው የሚንጠባጠብ። ማታ ካርቶን ብታነጥፍላት ጠዋት ቁልጭ ብሎ ይታይህ ነበር። ላየው ሰው ደም ይመስላል፤ ግን ደም ይደርቃል፣ ይኼ በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። በጊዜ ቢታይ ቀላል ነበር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ዝም እንዲል ዓይኔን አፈጠጥሁበት፣ እግሩን ረገጥሁት። ሰውየው ግን ደግ ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ይዘረግፍልኛል። እናቴ ከኋላችን ተቀምጣ ነበር።

«ቀይ ነው አልህ?» አለችው።

«አዎ፣ እማማ። እርስዎም ግቢ ውስጥ አይተውት ይሆናል።»

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ስሮጥ መኪናዋ ታድርበት የነበረው ቦታ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«እናቴ፣ ልቡ ነው የገደለው» አልኋት። «ደግሞስ እኔም አይቼው የለ? ሁለታችንም አላወቅንም።»

ቀና ብላ አላየችኝም።

«አንተ አንድ ቀን ነው ያየኸው» አለችኝ። «እኔ በየጠዋቱ ሸፍኜዋለሁ።»