ብረት የማይጎዳው ጅብ እና የበቃሉ አባት

እስቲ ይህን የብረት በር እዩት። አሶሳ፣ መምህር ሰራዊት የተከራየው ግቢ በር ነው። እጃችሁን ብታሳርፉበት አንድም ቦታ አይቧጥጣችሁም፤ የበየደው በቃሉ ነው። ዛሬ ግን በቃሉ በዚህ በር አይገባም። ሰዉ «በጨዋታ አኩርፎ ቀረ» እያለ ሲያወራ መስማት ስለሰለቸኝ፣ የሆነውን እኔ ልንገራችሁ።

በቃሉ የተወለደው በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች በሰፈሩባት፣ እስከ ዛሬ በቁጥር በምትጠራ መንደር ነው። አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። የመንደሩን ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት እሳቸው፣ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚባሉትም እሳቸው። በሠሩት ማጭድ የታጨደ እህል ይበላል፤ እሳቸው ብቅ ሲሉ ምግቡ ይከደናል። አንድ ቀን ማምሻውን መጥረቢያ አምልጧቸው ጭናቸውን ቆረጣቸው። በዚያው ሌሊት አንድ ጎረቤት በረቱ የገባ ጅብ በጦር ወጋ፤ ጅቡ እያነከሰ አመለጠ። ጠዋት የበቃሉ አባት እያነከሱ ሲወጡ መንደሩ ፈረደ። እሳት የሚያናፉበትን ወናፋቸውን አቃጥሎ አባረራቸው። ቁስሉ አመርቅዞ አሶሳ በገቡ በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። በቃሉ ገና ሕፃን ነበር።

አድጎ ብየዳ ተማረ። የአባቱን ሥራ ለማንም አልተናገረም። በሩን ሲገጥም ሰራዊት «እሑድ ከሰዓት እየመጣህ ከእኛ ጋር ተጫወት» አለው። ጨዋታው ከውጭ አገር የመጣ፣ ደንቡ በመጽሐፍ የተጻፈ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ነው፤ ሰራዊት ተረቱን ይመራል፣ ሌሎቹ ጀግና ይሆናሉ፣ ምቱ ማረፍ አለማረፉን በየፊቱ ቁጥር ያለበት ባለሃያ ፊት ዳይስ ተጥሎ ይወስናል። ተጫዋቾቹ በቃሉ፣ የሆሞሻው ነጋዴ ሙዳሲርና የሰፋሪ ልጅ የሆነችው ነርስ ስርጉት ናቸው። ሲጨርሱ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ከእናቱ ቤት ውጭ በቃሉ ሳይሳቀቅ የበላው እዚያ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ በተረቱ ውስጥ አውሬ የሚሆን ሰው መጣ። የነገረኝ ሙዳሲር ነው። በቃሉ በጎራዴ መታው፤ ዳይሱም ምቱ አረፈ አለ። ሰራዊት ግን «ምንም አልሆነም» አለ።

«እንዴት ምንም?»

«ደንቡ ነው። ተራ መሣሪያ አይጎዳውም። ብትቆርጠው፣ ብትወጋው፣ ብትቀጠቅጠው ዜሮ። መሣሪያው ከብር ማዕድን ካልተሠራ ወይም አስማት ከሌለበት ከንቱ ድካም ነው።»

«ይቀንስለታል ነው ወይስ ጭራሽ?»

«ጭራሽ። እሳት ግን ያቃጥለዋል፣ መርዝም ይገድለዋል። የማይበገረው ለመሣሪያ ምት ብቻ ነው።»

«ሰው ሆኖ ሲውልስ?»

«ሰው ሆኖም ያው ነው።»

«እስቲ ድገምልኝ መምህር።»

ሰራዊት ደገመለት። በቃሉ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ሙዳሲር አይቶት አያውቅም። እንዴት አይስቅ? በዚህ ደንብ ጅብ የሚሆን ሰው በጦር አይቆስልም፣ መጥረቢያም አይቆርጠውም። ስለዚህ ያ የቆሰለ ጭን አባቱ ጅብ እንዳልነበሩ ምስክር ነው። መንደሩ የነፈጋቸውን ፍርድ የባዕድ አገር ጨዋታ ሰጣቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ሰራዊት አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። «ደንቡን ወደ አገራችን ላምጣው። ሌሊት ጅቡን በጦር ትወጉታላችሁ፣ ጠዋት ቀጥቃጩ እያነከሰ ይወጣል። ይጣፍጣል።»

«አይሆንም» አለ በቃሉ። «ብረት አይጎዳውም ብለሃል።»

«እኛ ሆሞሻ ጅብ ጅብ ነው» አለ ሙዳሲር። «ፍየል ይበላል፣ ይሄዳል። ሌላ ሥራ የለውም።»

ሳቁ። በቃሉ አልሳቀም። «ከብረት የደማ ሰው ጅብ አይደለም። ያነበብከው እንደዚያ ነው፤ አትቀይረው።»

«አንተ ደግሞ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ጅቡ ዘመድህ ነው እንዴ?» አለ ሰራዊት።

ያኔ ተናገረ። መጥረቢያውን፣ ጦሩን፣ ወናፉን፣ ሁሉንም። «አባቴን በዚህ ተረት ነው የገደሏቸው» አለ።

ስርጉት የአባቱን ስም ጠየቀችው። ነገራት። ታሪኩን ከእናቷ ሰምታው ኖሯል፤ የሰማችው ግን መንደሩ እንደሚያወራው ነው። በየቀኑ የሰው ቁስል የምታጥብ ሴት፣ የዳቦውን ጨርቅ አንስታ ትሪውን ከደነችው።

ሁሉም አየ። መምህሩም አየ። አይቶ ምን አለ? «እንቀጥል፣ ተራው የማን ነው?»

በቃሉ ተነስቶ ወጣ።

ሰራዊትን አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። «ብረት ሠሪ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ይህ አይጎዳውም፤ ሲበርድለት ይመጣል» አለኝ። በጨዋታው ለአባትየው የከለከሉትን «ብረት አይጎዳውም» አሁን እነ ሰራዊት ለልጁ ሰጡት፤ ሲወጉት ጉዳት ተብሎ እንዳይቆጠርባቸው። ዲግሪ የያዘው ለዚህ ከሆነ እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አለመድረሴን አመሰግናለሁ።

እናንተ አሶሳ ሆናችሁ ይህን ጨዋታ የምትጫወቱ፣ በቃሉን ጥሩት። ወርክሾፑ ወደ ሆሞሻ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ደንቡን እንደተጻፈ አንብቡለት፤ ምግብ ሲቀርብም አብራችሁት ብሉ።